አንድ ካርድ ለሦስት ቦርድ፤ በትንንሽ ኮምፒዩተሮች አነሳስ ላይ የቀረበ ሂስ

መነሻውን የማያውቅ መድረሻውን አያውቅም ይባላል። አባባሉ ስለ ሰው የተነገረ ቢሆንም፣ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ስለሚታዩት መዳፍ የሚያክሉ ኮምፒዩተሮች ቢነገርም ከእውነት አይርቅም። እነዚህ ቦርዶች ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት ይዘው የሚሠሩ ናቸው። ሙቀት ይለካሉ፣ የውሃ ፓምፕ ይቆጣጠራሉ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ማከማቻ ሆነው ያገለግላሉ። ዋጋቸው ከሙሉ ኮምፒዩተር ያነሰ፣ የሚፈልጉትም ኃይል ጥቂት ስለሆነ በፀሐይ ብርሃን በሚሞላ ባትሪ መሥራት ይችላሉ። እንደ ሐርጌሳ ላለ ፀሐይ ለማይጎድለው አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ የማይነሳ ኮምፒዩተር ከድንጋይ አይሻልም። መብራት ከተሰካበት ደቂቃ አንሥቶ ሊኑክስ ሥራውን እስኪረከብ ድረስ ያለው ጉዞ አጭር ቢሆንም ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚያው ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቦርዶቹ የሚነሱባቸው ማስተካከያዎች፣ በተለምዶ ሴቲንግ የምንላቸው፣ የተጻፉበትን መንገድ እንደ አንድ ድርሰት ቆጥሮ መመርመር ነው። ደግ ደጉን እናመሰግናለን፤ ጉድለቱንም እናመለክታለን። ተማሪ የሚያነበውና የሚጽፈው ነገር ሁሉ በመምህር ሊመዘን ይገባልና።

ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከት። ይህ ጸሐፊ በሐርጌሳ በሚያስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም፣ በተለያየ ጊዜ በእርዳታ የመጡ ሦስት ዓይነት ቦርዶች አሉ። አንደኛው ራስበሪ ፓይ 3፣ ሁለተኛው ቢግልቦን ብላክ፣ ሦስተኛው ሮክቺፕ በተባለ ቺፕ የተሠራ ነው። ሠልጣኞች በመጀመሪያው ላይ ያለ ችግር የሠራውን ሚሞሪ ካርድ ነቅለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቢሰኩት አንዱም በካርዱ አልነሳም። ከሠልጣኞቹም አንዱ፣ «ማዓሊን፣ ሊኑክስ አንድ ከሆነ ካርዱስ ለምን አንድ አይሆንም?» ሲል ጠየቀ። ማዓሊን በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው። ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን የዚህን ሙያ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ያከራከረው ይኸው ጥያቄ ነው።

ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው?

በጠረጴዛ ላይ የምናስቀምጠው ተራ ኮምፒዩተር ሲነሳ ራሱን ይመረምራል። በውስጡ ያሉት ዕቃዎች አብዛኞቹ ሲጠየቁ ማንነታቸውን ይናገራሉ። የቀረውንም በቦርዱ ላይ ያለው ቋሚ ፕሮግራም በታወቀ ደንብ ለሥርዓቱ ያስረክባል። ስለዚህ አንድ የሊኑክስ ፍላሽ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ቢዘዋወር ይሠራል። አርም በተባለው የቺፕ ዓይነት የተሠሩት ትንንሽ ቦርዶች ግን እንዲህ አይደሉም። በቺፑ ውስጥ ያሉት ክፍሎች ተጠይቀው አይመልሱም፤ የት እንዳሉ አስቀድሞ ሊነገርላቸው ይገባል። የመብራቱ መቆጣጠሪያ በየትኛው አድራሻ፣ የካርዱ ማንበቢያ በየትኛው መስመር እንደ ሆነ ያልተነገረው ሊኑክስ በጨለማ ቤት እንደ ገባ እንግዳ ነው።

ከዚህም በላይ አነሳሳቸው ይለያያል። ራስበሪ ፓይ 3 መብራት ሲሰካበት ቀድሞ የሚነቃው ዋናው አንቀሳቃሽ ሳይሆን የሥዕል ክፍሉ ነው። እርሱም ከካርዱ የመጀመሪያ ክፍል ፋይሎችን አንብቦ ዋናውን ያስነሳል። ቢግልቦን ብላክ በበኩሉ አስቀድሞ የሚመለከተው በቦርዱ ላይ የተበየደውን ማከማቻ ነው፤ ከካርዱ እንዲጀምር ከተፈለገ ኃይል በሚሰጠው ጊዜ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። የሮክቺፑ ደግሞ አስነሺውን ፕሮግራም የሚፈልገው በፋይል ስም ሳይሆን ከካርዱ መጀመሪያ 32 ኪሎባይት ርቆ ባለ ቦታ ነው። ኦልዊነር የተባለው ቺፕ ያለባቸው ቦርዶች ያንኑ የሚፈልጉት በ8 ኪሎባይት ላይ ነው። ይህ ቦታ ከፋይሎች ዝርዝር ውጭ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ተማሪው ፋይሎቹን ሁሉ አንድ ሳይቀር ገልብጦ ካርዱ የማይነሳበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው፤ የገለበጠው የሚታየውን ብቻ ነውና።

እንግዲህ ልዩነቱ የተፈጥሮ ነው። የተለያዩ ፋብሪካዎች የተለያየ ዕቃ መሥራታቸው ሊያስወቅሳቸው አይገባም። ሂሳችን የሚያርፈው ልዩነቱን ለሰው በሚያስረዱበት አጻጻፍ ላይ ነው።

የራስበሪ ፓይ አጻጻፍ

ራስበሪ ፓይ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ለገበያ የቀረበው በእንግሊዝ አገር ለትምህርት ተብሎ ነው። የአነሳስ ማስተካከያውም ለዚሁ ዓላማ የሚስማማ ነው። «ኮንፊግ» በተባለ አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ በየመስመሩ አንድ ስምና አንድ ዋጋ ይጻፋል። ፋይሉ ያለበት የካርዱ ክፍል በማንኛውም ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ይከፈታል። ስለዚህ ተማሪ ቢሳሳት ካርዱን ነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር አርሞ መመለስ ይችላል። ስሕተትን ማረም እንዲህ ቀላል የሚሆንበት መሣሪያ ለጀማሪ ተስማሚ ነው። በፋይሉ ውስጥ «ይህ ለሦስተኛው ሞዴል፣ ይህ ለአራተኛው፣ ይህ ለሁሉም» እያሉ በአርእስት መክፈል ስለሚቻልም አንድ ካርድ የአንድ ቤተሰብ በሆኑ ብዙ ሞዴሎች ላይ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ይህ ምስጋና የሚገባው አሠራር ነው።

ጉድለቱ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ይህ አጻጻፍ ከዚያ ቤተሰብ ውጭ ማንም የማይናገረው ቋንቋ ነው። ሁለተኛ፣ ሦስት ልዩ ልዩ ጉዳዮችን በአንድ ማሰሮ ይቀቅላል። የቦርዱን ዕቃዎች መግለጽ አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ሥርዓት እንዲነሳ መምረጥ ሌላ ነው፤ የተጠቃሚው ምርጫ፣ ለምሳሌ የስክሪኑ ስፋት፣ ደግሞ ሌላ ነው። ተማሪው ሦስቱን በአንድ ገጽ ላይ ተደባልቀው ስለሚያገኛቸው ለይቶ ማሰብ አይለምድም። ሦስተኛ፣ ቦታው ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው እትም ፋይሉ ወደ ሌላ ማውጫ ተዛውሯል። በአሮጌው ቦታ የቀረው «እዚህ አትጻፉ» የሚል ማስታወቂያ ነው። ከዚያ በፊት የታተመ መመሪያ በእጁ የያዘ መምህር ተማሪዎቹን ወደ ባዶ ቤት ይልካል። እንዲሁም በአራተኛውና በአምስተኛው ሞዴል የአስነሺው ድርሻ ከካርዱ ወደ ቦርዱ ቺፕ እየተዛወረ መጥቷል። ሥራው እየተሻሻለ መምጣቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ሳይሆን የፋይል ስም ብቻ የሸመደደ ተማሪ በእያንዳንዱ መሻሻል እንደ አዲስ መሃይም ይሆናል።

የዩ-ቡት አጻጻፍ

ከራስበሪ ፓይ ውጭ ያሉት ቦርዶች አብዛኞቹ የሚነሱት ዩ-ቡት በተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ይህን ሥራ በጀርመን አገር የጀመረው ቮልፍጋንግ ዴንክ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በዚህ ስም መጠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ዩ-ቡት እጅግ ሰፊ ሥራ ነው። ተማሪው በሲሪያል ገመድ ከቦርዱ ጋር ተገናኝቶ ቆጠራው ከማለቁ በፊት አንድ ቁልፍ ቢጫን፣ አነሳሱን አቁሞ እየጠየቀና እየመረመረ ደረጃ በደረጃ ሊያስነሳው ይችላል። ለትምህርት ከዚህ የተሻለ በር የለም። ራስበሪ ፓይ ዝም ብሎ ሲነሳ ወይም ዝም ብሎ ሲቀር፣ ዩ-ቡት ግን «እዚህ ደረስሁ፣ ይህን አጣሁ» ብሎ ይናገራል።

ነገር ግን አጻጻፉ አስቸጋሪ ነው። ትእዛዞቹ በተለዋዋጭ ስሞች ውስጥ እንደ ረጅም የቃላት ሰንሰለት ይቀመጣሉ። አንዱ ሌላውን ይጠራል፤ ያም ሦስተኛውን። የሚቀመጡበት ቦታ ከቦርድ ቦርድ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜም በፋይል ዝርዝር አይታይም። ይህንን ለማቅለል ልዩ ልዩ ቡድኖች የየራሳቸውን የጽሑፍ ፋይል ጨምረዋል። ቢግልቦን «ዩኢንቭ» የሚባል አለው፤ አርምቢያን የተባለው ሥርዓት ደግሞ የራሱን «አርምቢያን ኢንቭ» ይዟል። ለማቅለል የመጣው ሁሉ አንድ አዲስ ቀበልኛ እየጨመረ ሄደ።

አንድ ቀላል የሚመስል ምሳሌ ልጥቀስ። ቦርዱ መልእክቱን የሚናገርበት የሲሪያል መስመር ስምና ፍጥነት በማስነሻው ላይ ይጻፋል። በብዙዎቹ ቦርዶች ፍጥነቱ በሴኮንድ 115200 ነው። በብዙ የሮክቺፕ ቦርዶች ግን 1500000 ነው፤ ርካሽ ከሆኑት ገመዶች አንዳንዶቹም ይህን ፍጥነት አይችሉም። ስለዚህ ተማሪው የሚያየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው፤ ቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። በራስበሪ ፓይ 3 ላይ ደግሞ ዋናው የሲሪያል ክፍል ለብሉቱዝ ስለ ተሰጠ፣ በኮንፊግ ፋይል ካልታዘዘ መስመሩ ጸጥ ይላል። ሦስቱም ቦርዶች ጤነኞች ናቸው፤ ተማሪው ግን በሁለቱ ላይ ተስፋ ይቆርጣል።

ይህንን ሁሉ ዝብርቅርቅ ለማቃናት እ.ኤ.አ. በ2014 በዩ-ቡት ውስጥ አንድ የጋራ ደንብ ተጨመረ። በዚህ ደንብ ዩ-ቡት በየማከማቻው «ኤክስትሊኑክስ» የተባለ አጭር የጽሑፍ ፋይል ይፈልጋል። በፋይሉ ላይ የሚጻፈው የሊኑክሱ ስም፣ የዕቃ ዝርዝሩ ስምና የማስነሻው ቃል ብቻ ነው። ከዚያም ወዲህ በ2019 በአርም ዙሪያ የወጣው መለኪያ ትንንሾቹም ቦርዶች እንደ ትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች ዩኢኤፍአይ በተባለው አሠራር እንዲነሱ ይጠይቃል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከተመለከትናቸው ሁሉ ለመማሪያነት የሚበልጠው ኤክስትሊኑክስ ነው። አጭር ነው፣ በዓይን ይነበባል፣ አንድ ተግባር ብቻ አለው፣ ከአንድ ፋብሪካ ጋርም አልታሰረም።

የዕቃ ዝርዝሩ ጉዳይ

ቀደም ሲል እያንዳንዱ ቦርድ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የራሱ የፕሮግራም ገጽ ነበረው። ገጾቹ ከመብዛታቸው የተነሣ የሊኑክስ ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2011 በአርም በኩል ስለሚመጣው ዝብርቅርቅ በቁጣ አማረረ። ከዚያ በኋላ ዲቫይስ ትሪ የተባለው አሠራር በአርም ዓለም ተስፋፋ። ዲቫይስ ትሪ የቦርዱ ዕቃዎች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርዝረው የተጻፉበት መዝገብ ነው። ከርነሉ አንድ ሆኖ መዝገቡ ብቻ ይለዋወጣል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ሐሳቡ ግን ከዚያ የቆየ ነው። ኦፕን ፈርምዌር ከተባለውና እ.ኤ.አ. በ1994 መለኪያ ሆኖ ከወጣው አሠራር የተወረሰ ነው። ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ መምህራን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የታደሉት፣ ቁጥራቸው ወደ 5000 ገደማ የነበረው ኤክስኦ የተባሉት አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፖች የሚነሱት በኦፕን ፈርምዌር ነበር። በዚያ አሠራር የዕቃው ዝርዝር የሚቀመጠው በመሣሪያው በራሱ ቺፕ ውስጥ ነው። መሣሪያው «እኔ እገሌ ነኝ፣ ይህ ይህ አለኝ» ብሎ ስለ ራሱ ይመሰክራል።

ዋናው ሂሴ እዚህ ላይ ነው። የዛሬዎቹ ቦርዶች መዝገቡን ወረሱ፤ የመዝገቡን ቦታ ግን አልወረሱም። በአብዛኞቹ ዘንድ ዝርዝሩ የሚመጣው ከከርነሉ ጋር በካርዱ ላይ ነው። ይህም የአንድ ሰው መታወቂያ በሌላ ሰው ኪስ እንደ መቀመጥ ነው። ካርዱ በአንዱ ቦርድ የታሰረውም፣ የሠልጣኙም ጥያቄ መልስ ያጣው ስለዚህ ነው። ዝርዝሩና አስነሺው በቦርዱ ቢቀመጡ፣ ካርዱም ሥርዓቱንና የተጠቃሚውን ሥራ ብቻ ቢይዝ፣ አንድ ካርድ ለሦስት ቦርድ ማገልገሉ ሕልም አይሆንም ነበር። አንዳንድ ቦርዶች ለአስነሺው የሚሆን ትንሽ ማከማቻ እየተበየደላቸው ስለሚወጡ መንገዱ ተጀምሯል ለማለት ይቻላል፤ ትምህርት ቤቶች በሚገዟቸው ርካሽ ቦርዶች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ቺፕ ነው።

ኤክስኦም ቢሆን ነቀፌታ አያጣውም። መሣሪያው በአሠሪዎቹ የተፈረመበትን ሥርዓት ብቻ እንዲያስነሳ ተደርጎ ሊቆለፍ ይችል ነበር፤ ሌላ ለማስነሳት ልዩ ቁልፍ ማስፈቀድ ያስፈልግ ነበር። ዓላማው ስርቆትን ለመከላከል ነው። ነገር ግን የመነሻው ቁልፍ ከመምህሩ እጅ ውጭ ሲሆን መሣሪያው ንብረት መሆኑ ይቀርና ውሰት ይሆናል። በ2012 ይኸው ድርጅት በኢትዮጵያ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ ሕፃናት ታብሌቶች በሰጠ ጊዜ፣ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሳቸው እንደ ከፈቱት የድርጅቱ ኃላፊዎች በይፋ ተናግረዋል። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ የተዘጋ ሴቲንግ ከከፈተ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የአነሳስ ፋይል ለማንበብ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ይህ ሁሉ ለመምህሩ ምን ያደርግለታል?

አንዳንዶች «አንድ ዓይነት ቦርድ ብቻ ገዝተን እርሱን እናስተምር፤ ችግሩ ያኔ ይቃለላል» ይላሉ። ሐሳቡ ለጊዜው ይጠቅማል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የቺፕ እጥረት በዓለም ላይ በደረሰ ጊዜ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። ራስበሪ ፓይ ከገበያ ጠፋ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ባለ 2 ጊጋባይቱ አራተኛ ሞዴል ከ35 ዶላር ወደ 45 ዶላር ከፍ አለ። የተገኘውም ምርት ቅድሚያ የተሰጠው ኑሯቸው በቦርዱ ላይ ለተመሠረተ ድርጅቶች ነበር። ስለዚህ በዚህ አንድ ቦርድ ላይ ብቻ የተመሠረተ የትምህርት ፕሮግራም መምህሩ ባላጠፋው ጥፋት ሊቋረጥ ይችላል። ከዚህም ሌላ እኛ የምናሠለጥናቸው መምህራን ወደየትኛው ከተማ እንደሚሄዱ፣ በዚያም ከየትኛው ለጋሽ ምን ዓይነት ቦርድ እንደሚጠብቃቸው አናውቅም። በቦርዕማም ሆነ በበርበራ፣ በጅግጅጋም ሆነ በደሴ፣ መምህሩ የሚያገኘውን እንጂ የሚመርጠውን አይሠራበትም።

የአጻጻፍ ብዛት ትምህርትን እንደሚያደናቅፍ የዚህ ክፍለ ዓለም ሰዎች ከታሪካቸው ያውቁታል። ሶማሊኛ በአንድ ወቅት በዓረብ ፊደል፣ በኦስማኒያ፣ በቦርዕማ ፊደልና በሌሎችም ይጻፍ ነበር። የላቲን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1972 በይፋ ከተመረጠ በኋላ ነው በ1974 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ ገጠር ወጥተው ማንበብና መጻፍን በሰፊው ያስተማሩት። የእኛም ፊደል በኮምፒዩተር ላይ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከመመዝገቡ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ ቁጥር ስለ ነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ሁለቱም ታሪኮች የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው። የጋራ ደንብ ከሌለ ድካሙ የሚወድቀው በመጨረሻው ተጠቃሚ ላይ ነው፤ በትምህርት ቤት ደግሞ የመጨረሻው ተጠቃሚ ተማሪው ነው።

የጋራው ደንብ በቦርዱ ሁሉ እስኪዳረስ ድረስ መምህሩ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይገባም። በተቋማችን በሥራ ላይ አውለን ውጤት ያየንባቸውን አራት ነጥቦች ላቅርብ።

1ኛ/ ትምህርቱ ከፋይል ስም ሳይሆን ከቅደም ተከተል ይጀመር። «ማን ቀድሞ ይነቃል? ማንን ይፈልጋል? የት ይፈልገዋል? ለማን ያስረክባል?» የሚሉት አራት ጥያቄዎች ለየትኛውም ቦርድ ይሠራሉ። ተማሪው መልሱን በሠንጠረዥ ይሙላ።

2ኛ/ ከስክሪን በፊት የሲሪያል ገመድ ይሰጠው። ገመዱ የ3.3 ቮልት መሆኑ ይረጋገጥ፤ ከዚያ የበለጠ ኃይል ቦርዱን ሊያቃጥለው ይችላል። ተማሪው ቦርዱ የሚናገረውን ሲያነብ መገመት ትቶ መመርመር ይጀምራል።

3ኛ/ የሥርዓቱ ማከማቻ በተራ ቁጥር ሳይሆን በራሱ መለያ ይጠራ። ዛሬ «ዜሮ» የተባለው ካርድ በሌላ ቦርድ ወይም በሌላ ከርነል «አንድ» ሊባል ይችላል። በክፍሉ ላይ የታተመው መለያ ግን ካርዱ በየትኛውም ቦርድ ቢሰካ አይለወጥም።

4ኛ/ ለየቦርዱ አንድ ደብተር ይከፈት። የተለወጠው መስመር፣ ቀኑና ምክንያቱ ይጻፍ፤ ከመለወጡ በፊት የነበረውም ቅጂ ይቀመጥ። መምህር ሲዛወር ደብተሩ ለሚተካው ይቀራል።

በመመሪያ ጸሐፊዎችም ላይ አንድ ቃል መሰንዘር ያስፈልጋል። ከእርዳታ ዕቃ ጋር የሚመጡት መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ «ይህን ጻፍ፣ ያን ተጫን» ከሚል አያልፉም። እንዲህ ያለው መመሪያ የሚያገለግለው ዕቃው እስካልተለወጠ ድረስ ብቻ ነው። የወጥ አሠራር የሚያስተምር ሰው «ጨው ሦስት ማንኪያ» ብሎ ቢያበቃ፣ ድስቱ ሲቀየር ተማሪው ወጡን ያጨማልቃል። ጨው ለምን እንደሚጨመር የተነገረው ግን ቀምሶ ያስተካክላል። የአነሳስ መመሪያም ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ «ለምን» የሚለውን ካልያዘ የመምህር መጽሐፍ ለመባል አይበቃም።

ሠልጣኙ ላቀረበው ጥያቄ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ሊኑክስ አንድ ነው፤ ወደ እርሱ የሚወስዱት መንገዶች ግን ገና አንድ አልሆኑም። መንገዱን አንድ የማድረጉ ሥራ የፋብሪካዎችና የፕሮግራም ሠሪዎች ነው። እስከዚያው በሁሉም መንገድ የሚሄድ ተማሪ ማፍራት ግን የእኛ የመምህራን ሥራ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በሌላ ዓይነት ቦርድ የሠሩ የሙያ ባልደረቦች ያዩትን ጽፈው ቢያካፍሉን፣ ሂሱ ተሟልቶ ለሁላችንም የሚጠቅም ሠንጠረዥ ይወጣዋል።